የአደራው ባለቤት ማን ነው?

ከካራቆሬ ወደ ከሚሴ የሚያቀና መንገደኛ የአርጡማ ፉርሲዋን ከተማ ጨፋ ሮቢትን ሲያልፍ ዓይኑ ቦርከና በሚያጠጣው ሰፊ ረግረግ መስክ ላይ ያርፋል። በበጋ፣ ዙሪያው ያለው ቆላ ሲደርቅ፣ ይህ መስክ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የኦሮሞው፣ የአፋሩ፣ የአርጎባውና የአማራው ከብት በአንድ ወቅት አንድ ሣር ፍለጋ ይወርድበታል። በኦሮምኛ «ጨፌ» ርጥበት የማይለየው የሣር መስክ ነው። የገዳ ጉባኤ በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ቃሉ የጉባኤውም መጠሪያ ሆነ፤ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው። በወሎ ገዳ ከእስልምና መስፋፋትና ከአካባቢ ገዢ ቤቶች መነሣት ጋር ከብዙ ዘመን በፊት ተዳክሟል፤ የመስኩ ስም ግን አለ። ሣርና ጉባኤ በአንድ ቃል መጠራታቸውን የቋንቋ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ነው። ሁሉ የሚፈልገው ነገር ያለበት ቦታ ጠብ አያጣውም፤ ጠብ የማያጣው ቦታ ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል። ያ ዳኛ የሚቀመጠው ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ማን ምን እንዳለና ማን ወደ ማን እንዳዘነበለ ሁሉም ያያል። ስለ መልካም አስተዳደር ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ነገሩን ከዚህ መስክ መጀመር እመርጣለሁ፤ ጥያቄው ከፖለቲካ በፊት የሃይማኖት ጥያቄ ነውና። ሥልጣን የያዘ ሰው ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? ለፈጣሪው ብቻ ነው ወይስ ለምንገዛለት ለእኛም?

ይህ መስክ በሚገኝበት ዞን ሰው ሰውን ቢገድል ነገሩ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የፖሊስ ጣቢያው፣ የዐቃቤ ሕጉና የፍርድ ቤቱ መንገድ ነው። ሌላው የሸኾች ችሎት የሚባለው ነው፤ በሃይማኖት አባቶች ፊት፣ በዱዓና በምርቃት ታጅቦ የሚካሄድ የፍርድና የእርቅ ጉባኤ። መሮን ዘለቀ በዚህ ችሎት ላይ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በቀረው ወሎም አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ መንግሥት ገዳዩን ካሰረ በኋላ እንኳ ሁለቱ ቤተሰቦች ወደ ሽማግሌዎቹ መሄዳቸውን አይተዉም። እስር ቤት ሰውየውን ይይዛል እንጂ ደሙን አያደርቅም። እንግዲህ ፖሊስ የሌለው፣ ወህኒ የሌለው፣ ማኅተም እንኳ የሌለው ዳኛ ዘንድ ሰው ለምን ይሄዳል? የተለመደው መልስ «ሸኾቹ የአላህ ሰዎች ናቸው፤ እርግማናቸው ይፈራል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ እርግማኑ ውስጥ ሳይሆን አቀማመጡ ውስጥ አለ። በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚዳኝ ሰው ወደ አንዱ ወገን አዘነበለ ከተባለ፣ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ወደ ሌላ አባት ደጅ ይሄዳል። ነገሩ የሚሰማው በዘመድና በጎረቤት ፊት ነው። የተፈረደበትም ወገን «ተቀብያለሁ» ካላለ እርቁ እርቅ አይሆንም። ማለትም የዳኛው ሥልጣን ከሰዎቹ የተዋሰው ነው፤ በያንዳንዱ ጉዳይ ይዋሳል፣ በያንዳንዱ ጉዳይ ይመልሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥልጣን የወሎ ሰው ሁለት ቃላት አሉት፤ አማና እና አደራ። ከአንድ አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለቱም ይወጣሉ። የአደራ ጠባዩ ቀላል ነው። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ዕቃው አለ፤ ዕቃው የተቀባዩ አይደለም። ከብት በአደራ የተቀበለ ሰው ሊያግደው፣ ሊያጠጣው ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም፣ ባለቤቱ ሲመጣም «አንተ ማን ነህና ትጠይቀኛለህ?» አይለውም። ታዲያ ሥልጣን አደራ ነው ስንል (ሁሉም ባለሥልጣን በየስብሰባው ይለዋል) የአደራው ባለቤት ማን ነው? ባለቤቱ ፈጣሪ ብቻ ነው ካልን፣ ጠያቂውም እርሱ ብቻ ነው፤ ሒሳቡም እስከ ዕለተ ምጽኣት ወይም እስከ ቂያማ ይቆያል። ሰጪዎቹ ሰዎቹ፣ ምስክሩ ፈጣሪ ነው ካልን ግን ሒሳቡ እዚሁ ይጀምራል። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አማናን ለባለቤቶቿ ስለመመለስና በሰዎች መካከል በፍትሕ ስለመፍረድ የሚያዘው በአንድ አንቀጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ኢብኑ ተይሚያ ስለ አስተዳደር የጻፈውን መጽሐፍ የመሠረተው በዚሁ አንቀጽና በሚከተለው ላይ ነው። እኔ ከአንቀጹ የምይዘው «መመለስ» የሚለውን ሐሳብ ነው። የሚመለስ ነገር ተመላሽ የሚደረግለት ሰው አለው። የምከራከርለትም ይኸው ነው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው መሪ ማግኘት መልካም ነው፣ ነገር ግን የመሪው ፈሪሃ እግዚአብሔር የሰውን ጠያቂነት አይተካም። ይተካል ብሎ የሚያስተምር ሃይማኖት የራሱን ቃል በደንብ አላነበበም።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከራሱ ጋር ይጣላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል አንዱ ተረት። ሌላው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ሁለቱን ብዙ ሰው ለየብቻ ይጠቅሳቸዋል፤ እኔ ግን አባትና ልጅ ይመስሉኛል። ንጉሡ የማይከሰስ ከሆነ ሹመት አዝመራ ይሆናል፤ አዝመራ ሲደርስ ያልሰበሰበ ደግሞ ሰነፍ ነው። በሌላ በኩል «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚል አለን። ብዙ ጊዜ የሚነገረው አደራን ለማጥበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሐረግ ግን ለብቻው ቢታሰብ ከባድ ነገር ይዟል። ሰማዩ ሩቅ ነው። ፍርዱ እስኪወርድ ድረስ ብዙ ከብት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ አደራው መጥበቅ ያለበት እዚህ፣ በምድር ነው። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ተረት ሳይሆን ጩኸት ነው፤ «በሕግ አምላክ!» መንገድ ላይ ማንም ሰው፣ ድሀም ቢሆን፣ ይህን ብሎ የሚደበድበውን ወይም የሚቀማውን ሰው ያስቆም ነበር፤ የተጠራበትም ሰው መቆም ይገባው ነበር። በዚህ ጩኸት ውስጥ ሕግ አምላክ አለው፤ አምላኩን የመጥራት መብት ግን የዳኛው ወይም የቄሱ ብቻ አይደለም፣ የተበደለው ሰው ነው። የፈጣሪ ስም የሚጠራው ጠያቂውን ለማስነሣት እንጂ ዝም ለማሰኘት አይደለም። ንጉሥ አይከሰስም ያለው ሕዝብ ይህን ጩኸትም ፈጥሯል፤ የትኛው እንደሚሻለው ያወቀ ይመስለኛል።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ከመካ ተሰድደው ወደ ሐበሻ የመጡትን ሙስሊሞች ነቢዩ የላኩት ሙስሊም ወደሆነ ንጉሥ ሳይሆን ማንም ወደማይበደልበት አገር ነበር። የአገሩ ንጉሥ ነጃሺ ያኔ ክርስቲያን ነበር። ታሪኩ በወሎ ሁሉ ሰው አፍ ላይ ስላለ አልተርከውም፤ አንድ ነገር ብቻ አነሣለሁ። ስደተኞቹን ለማስመለስ የመካ ቁረይሾች መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጡ፤ መጀመሪያ ባለሟሎቹን አባበሉ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸውም ፈለጉ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን አስጠርቶ ሰማቸው። ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም፤ ስጦታውንም መለሰ። ፍትሑ የተመሰገነው በልቡ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ወገን መስማትና እጅ መንሻን መመለስ የሚባሉ ሁለት ሥራዎች በመሥራቱ ነው። ሁለቱንም ሰዎች ቆመው ያዩአቸዋል። ከዚህ ጎን ሌላ ክርስቲያን ንጉሥ እናስቀምጥ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ባስቀመጡት ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፣ ኋላም ንጉሥ ሆነ። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት ግን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ፤ አገሩም ለዓመታት ታወከ። አፄ ዮሐንስ እምነታቸው የጠነከረ፣ አገራቸውንም ሲከላከሉ መተማ ላይ የወደቁ ንጉሥ ነበሩ፤ ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ችግሩም እዚያው ነው። ንጉሡ በፈጣሪ ስም ሲናገር የሚመልስለት ሰው ካልተፈቀደ፣ ቅንነቱ ስሕተቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያርመውም።

አፍሪካ ይህን ትምህርት በሁለቱም ሃይማኖት ተምራዋለች። ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ቺሉባ ዛምቢያን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 የክርስቲያን አገር ብለው አወጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ክስ 46 ሚሊዮን ዶላር የአገሪቱን ገንዘብ ከሌሎች ጋር አሲረው አጥፍተዋል ሲል ፈረደባቸው (በአገራቸው የወንጀል ችሎት በኋላ ነጻ ወጥተዋል)። ኦማር አልበሽር ሱዳንን 30 ዓመት የገዙት በሸሪዓ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወርዱ በመኖሪያቸው በሚሊዮኖች የሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ ተገኘ፤ የካርቱም ፍርድ ቤትም በሙስና ፈረደባቸው። «እነዚህ አስመሳዮች ናቸው፤ እውነተኛ አማኝ ቢሆኑ ኖሮ…» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን የልብን እውነተኛነት የሚመዝን ሚዛን በሰው እጅ የለም፤ ያለን መጠየቅ ብቻ ነው። በተቃራኒው የኬንያውን የቀድሞ ዳኛ ዴቪድ ማራጋን እንይ። ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ አድቬንቲስት ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2017 የመሩት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሲሰርዝ የአገር ክብር ለሕገ መንግሥት በመታመንና ፈጣሪን በመፍራት እንደሆነ አያይዘው ተናገሩ። እዚህ ላይ የፈጣሪ ፍርሃት የተቀመጠው በገዢው ሳይሆን በጠያቂው ወንበር ላይ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በማላዊም ፍርድ ቤት የተጭበረበረ ምርጫ ከሰረዘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ፓስተር የነበሩት ላዛረስ ቻክዌራ ተመረጡ፤ በ2025 ደግሞ ሕዝቡ ሌላ መረጠ፣ እርሳቸውም ሽንፈቱን ተቀበሉ። ፓስተርነታቸው ከመሻር አላዳናቸውም፤ መሻራቸውም ከፓስተርነታቸው አልቀነሰባቸውም። ባለሀብቱ ሞ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን በሰላም ለለቀቁ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰጡት 5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በብዙ ዓመታት ተሸላሚ ማጣቱ ሰው ያስገርማል። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ አደራ በላ ላለመሆን ሽልማት ያስፈልጋል ብለን መስማማታችን።

«ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ አለ። ድሀ አገር መጀመሪያ መንገድና መስኖ፣ ዳቦና መብራት ይፈልጋል፤ የሚጠየቅ መሪ ሳይሆን የሚሠራ መሪ ይስጠን ይባላል። ለዚህ የሚመልሰው የወሎ ሞት ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከሸፈ። የእርሻ ሚኒስቴር ሰዎች በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰብሉን ገምግመው አደጋው እየመጣ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ጽሑፉ ግን ተቀመጠ። የተራቡ ሰዎች አሁን በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ በሚያልፈው በዚያው የደሴ መንገድ ላይ አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረሀቡን ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ዓለም ግን ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሀብ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ መርምሮታል፤ በአገር ደረጃ የዚያ ዓመት ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬና በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ የግጦሽ መሬቱን ያጣው የአፋር አርብቶ አደር ግን መግዣ አልነበራቸውም። እንግዲህ መንገዱ ነበረ፣ እህሉ ነበረ፣ ዕውቀቱ ነበረ። ያልነበረው በአዲስ አበባ ባለሥልጣን በር ላይ ቆሞ «ጽሑፉ የት ደረሰ?» የሚልና መልስ የሚገባው ሰው ነው። ያኔ ዙፋን ላይ የነበሩት ጃንሆይ ጸሎት አያስታጉሉም ነበር፤ ዙፋናቸውም ሥዩመ እግዚአብሔር በሚል ስም የቆመ ነበር። ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ የሾማቸው እግዚአብሔር ከሆነ፣ ወሎ በምን መብት ይጠይቃቸዋል?

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ሌላውን ወገን ይገሥጻል፤ ጠያቂነትን ከበቀል የሚያደባልቀውን። በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። በኢትዮጵያ ታሪክ ሹም በአደባባይ ተቀምጦ ስለ ሥራው የሚጠየቅበት ጉዳይ ብርቅ ነበርና ነገሩ ታላቅ ጅምር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ሥልጣኑን የያዘው ደርግ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ብዙ ሰው ያን ቀን «የወሎ ደም ተመለሰ» ብሎ ነበር። አልተመለሰም። አደራ ተቀባዩን የገደለ ባለቤት ዕቃው የት እንደገባ የሚነግረውን ሰው ገደለ። ጽሑፉን ማን አስቀመጠው፣ ማን ለማን ነገረ፣ ማን ዝም አለ የሚለው መልስ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተቀበረ። የረሸነውም ክፍል ከዚያ ሌሊት በኋላ ለማንም መልስ ሳይሰጥ 17 ዓመት ገዛ፤ በ1977 ዓ.ም. ወሎ እንደገና ተራበ። የሸኾች ችሎት ባለጉዳይ ይህን ስሕተት አይሠራም። ገዳዩ እንዲቀርብ፣ እንዲናገር፣ እንዲያምን ይፈልጋል፤ ጉማው፣ ማለት የደም ካሳው፣ የሚከተለው ከንግግሩ በኋላ ነው።

ከሃይማኖት አባቶች የሚመጣውን ተቃውሞ ማቃለል አልፈልግም። ገዢን መገዳደር ፊትና፣ ማለት ሁከት፣ ያመጣል፤ ፊትና ከግፈኛ ገዢ ይከፋል፤ ሕዝብ ታግሦ ቢጸልይ ይሻለዋል የሚል ረጅም ትምህርት በእስልምናም በክርስትናም አለ። በከሚሴ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ይህ የመጽሐፍ ክርክር አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከጂሌ ጥሙጋ እስከ አጣዬ ሰው አልቋል፣ ቤት ነድዷል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ገብቷል። ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው «ግፈኛም ቢሆን ገዢ ይኑር» ቢል አይፈረድበትም። ግን ትምህርቱ አንድ ነገር ይዘልላል፤ መጠየቅና ማመፅ አንድ አይደሉም፣ እንዲያውም ይቃረናሉ። ያመፀ ሰው ከገዢው ጋር ንግግር ያበቃ ሰው ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ገና መልስ የሚጠብቅ ነው። አቡ በክር ኸሊፋ ሆነው እንደተሾሙ በመጀመሪያ ንግግራቸው ከተሳሳትኩ አቅኑኝ ማለታቸው በታሪክ ጻሕፍት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ማንም ይህን ፊትና አላለውም። ፊትና የሚበቅለው ቅሬታ ሰሚ ባጣበት ቦታ ነው። አሥር ጊዜ አመልክቶ መልስ ያላገኘ ሰው ዘንድ በአሥራ አንደኛው ቀን መሣሪያ የያዘ ሰው «እኔ ልስማህ» ብሎ ይመጣል። ትዕግሥትን የሚሰብክ አባት የሚታገሠውን ሰው ብቻ ሳይሆን እንዲታገሥ የሚያስገድደውንም ቢያናግር ስብከቱ ሙሉ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ከዘመናዩ ወገን ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ ብዙው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ዞን፣ ብዙው ክርስቲያን በሆነበት ክልል ውስጥ፣ አማናን የአስተዳደር መለኪያ ማድረግ አይከፋፍልም ወይ? ይከፋፍል የነበረው አማና የአንድ ወገን ሐሳብ ቢሆን ነበር። የክርስቲያን ነገሥታቱ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት መጀመሪያ በግብፅ ኮፕት ሊቅ እጅ በዓረብኛ የተጠናቀረ፣ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ዳኛው እንዳያዳላና ጉቦ እንዳይበላ የሚያስጠነቅቀው ሐሳብ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የሚሰበክ ነው። የምለው ካድሬው ሸኽ ይሁን፣ ሸኹም ካድሬ ይሁን አይደለም፤ ሁለተኛው በተለይ ሲሞከር ሸኹን ያሳጣናል እንጂ ካድሬውን አያሻሽልም። የምለው ሥልጣን የሚመለስ ነገር ነው የሚለውን እምነት ሕዝቡ ቀድሞም ይዞታል፤ ሕጉ ከዚያ እምነት ላይ ቢቆም ይጠናል። ሕጉ ራሱ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሕዝቡ የመረጠውን ሰው አመኔታ ካጣበት ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችልም ይናገራል። ከወሎ ሽማግሌ አንዱን ጠርታችሁ ይህን ብታነቡለት «ያው አማና ነው» ይላችኋል። ታዲያ ተመራጭ በዚህ አንቀጽ ተነሣ ሲባል እምብዛም የማይሰማው ለምንድን ነው?

ስለ ሸኾቹ ችሎትም ያጋነንኩት ካለ ላስተካክል። የሽምግልና ወንበር ላይ ሴት እምብዛም አትታይም። «ተቀብያለሁ» የሚለው ቃል አንዳንዴ የሚወጣው ከልብ ሳይሆን ከዘመድ ግፊት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ችሎቱ የሚሠራው በሚመጣ ሰው ላይ ነው። ጎረቤቱን የሚፈልግ ሰው ይመጣል፤ ነገ በዚያው መስክ ላይ ከብቱን ማገድ አለበትና። መሣሪያና በጀት ያለው ሰው ጎረቤት አያስፈልገውም፤ ስለዚህም አይመጣም። በ2013 ዓ.ም. ሽማግሌዎቹ የት ነበሩ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የዚያን ጊዜ ሙታን እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ይቆጥራል፤ ሁለቱን ዝርዝር በአንድ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ የሚሰማ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎች ግን ብቻቸውን ሊያስቀምጡት አይችሉም። ችሎቱን ያነሣሁት መንግሥትን እንዲተካ አይደለም። ሥልጣን ካዋሱት ሰዎች ፊት ሲቀመጥ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚይዝ ስለሚያሳይ ነው።

«መልካም አስተዳደር» የሚለው ስም ራሱ ሩቅ ተጉዞ የመጣ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ አፍሪካ ባወጣው ሪፖርት የአህጉሪቱን ችግር የአስተዳደር ቀውስ አለው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ በብድር ውልም በጉባኤ መፈክርም ገባ። የአፍሪካ ኅብረት የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር በ1999 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ጸደቀ። በእኛም አገር ስሙ ከወረዳ ስብሰባ እስከ ቀበሌ ግድግዳ ደርሷል፤ የቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ፣ የአስተያየት ሳጥን አለ፣ እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም አለ (ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ያማረው ይህ ነው፤ እንባን የሚጠብቅ ግን ማልቀስ የተፈቀደበት አገር ያስፈልገዋል)። ሁሉም ይጠቅማሉ፤ ባለቤቱ ካልተነሣ ግን ሳጥኑ ሳጥን ነው። በከሚሴም ሆነ በጨፋ ሮቢት፣ በየትኛውም ወረዳ እንደሚሆነው፣ ስብሰባ ሲከፈት አንድ አባት ተነሥተው ይመርቃሉ፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል፤ ከዚያ እርሳቸው ይቀመጣሉ፣ ባለሥልጣኑ ሪፖርት ያነባል፣ ጭብጨባ ይከተላል፣ ምሳ ይበላል። የመርሐ ግብሩ አንድ መሥመር ቢቀየር እላለሁ። ያው አባት ከሪፖርቱ በኋላ እንደገና ማይክሮፎኑ ቢሰጣቸውና፣ ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ ስመርቅ ይገባል የተባለው የቧንቧ ውኃ የት ደረሰ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱም ያው እጁን ዘርግቶ አሜን ባለው ሰው ሁሉ ፊት ቢሰጥ።